ሎሚና አሎሎ በአንድ ሳፋ

ኑ ልጆቼ፣ አረፍ በሉ። የልብስ ቦንዳው ሁለት ሰው ይችላል፤ አንቺ ደግሞ በርጩማዋን ሳቢና ጠጋ በይ። የቆመ ሰው ጆሮው እዚህ ቢሆን እንኳ ልቡ መንገድ ላይ ነው። የማወራችሁ ረጅም አይደለም፤ የሁለት ኤሊዎችና የአንዲት የደከማት ሴት ነገር ነው።

ከአንዋር መስጊድ ጀርባ የፕላስቲክ ዕቃ የገዛ ሰው ሐጀራን ያውቃታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቋን ትከፍታለች፤ ባልዲውን፣ ጆጉን፣ የልጆቹን ፖፖ በገመድ ትሰቅላለች፤ ሳፋውን በመጠን በመጠኑ ትደራርባለች። ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መቆም ነው። ባሏ ሙናዊር ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው። ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል። ስልሳን ካለፈች ወዲህ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠዘጥዛታል፣ ብዙ ስትቆም ያብጥባታል። ይሁንና "እንዴት ዋልሽ?" ሲሏት "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና" ነው መልሷ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ መርካቶ ውስጥ ደከመኝ ያለ ሰው "ሱቁን ሊለቅ ነው" ይባልበታል። ሳይመሽ ደላላ በሩ ላይ ይሰለፍበታል።

ከሱቁ ኋላ ጠባብ ግቢ አለ። የሐጀራ ቤት ምድሩ ላይ ነው። ከእሷ ቤት በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ የበለጥሻቸው ክፍል ነው። በለጥሻቸው ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታ ጠዋት ራጉኤል ትስማለች፣ ከሰዓት ክር ትፈትላለች። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆነዋል። ሐጀራ ለዒድ ስታሳርድ፣ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ድስት ለበለጥሻቸው ሽሮና አትክልት ለብቻ ትሠራለች። በለጥሻቸውም ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ትገዛና አንደኛውን በነፍሱ ለሐጀራ ትልካለች፤ ጎረቤታቸው ሽኩር በቢስሚላህ ያርደዋል፣ ሐጀራ በራሷ ድስት ትሠራዋለች። ድስቱ ሁለት፣ ጨዋታው አንድ። በዚህ ነገር አንድም ቀን ተቀያይመው አያውቁም።

ኤሊዎቹ እነዚህ ናቸው። አሎሎ የሐጀራ ነው፤ የመሬት ኤሊ። ሙናዊር ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከወራቤ ሲመለስ አስፋልት ሲያቋርጥ አግኝቶት፣ መኪና እንዳይጨፈልቀው ብሎ በካርቶን ይዞት መጣ። ጀርባው ቢጫና ጥቁር፣ ድንጋይ የመሰለ ከባድ፣ ጎመንና ሣር ካገኘ ሌላ የማይጠይቅ ፍጥረት። ሎሚ ደግሞ የበለጥሻቸው ናት። እሷ የውሃ ናት፤ መዳፍ የምታክል፣ አረንጓዴ፣ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት። የበለጥሻቸው ልጅ ሰብለ ወንጌል ሐዋሳ ሥራ ይዛ ስትሄድ፣ "እማዬ፣ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑርሽ" ብላ አብነት ሰፈር ካለው ከአዩብ የጌጥ ዓሣ ሱቅ ገዛችላት። ሎሚ የመስታወት ገንዳዋ ውስጥ ግማሽ ቀን ትዋኛለች፣ ግማሽ ቀን ድንጋይዋ ላይ ወጥታ በመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ ትሞቃለች።

እንግዲህ በለጥሻቸው ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘና ሐኪም "መውጣት አለበት" አላት። ሰብለ ወንጌል "እኔ ዘንድ ሐዋሳ ታከሚ፣ እዚያው አገግሚ" ብላ ልትወስዳት መጣች። በለጥሻቸው ሻንጣዋን አዘጋጅታ ቁልፏን ለሐጀራ ሰጠቻት።

"ሐጀራዬ፣ አደራ። ውሃዋን በየሁለት ቀኑ ቀይሪላት። ምግቧ ጣሳው ውስጥ ነው። መጋረጃውን ጠዋት ክፈችላት፣ ፀሐይ ካጣች ትታመማለች።"

"ሂጂ ባክሽ! ሕፃን የሰጠሽኝ አስመሰልሽው።"

"ሕፃንማ ሲርበው ያለቅሳል" አለች በለጥሻቸው። "ይቺ አታለቅስም፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይሉ ነበር ወላጆቻችን። ሐጀራም ቀላል አድርጋ አልተቀበለችውም። ዘጠኝ ቀን እንደታዘዘችው አደረገች። ቧንቧው ምድር ላይ ነው፣ ገንዳው ፎቅ ላይ፤ በመካከሉ አሥራ ስምንት የብረት ደረጃ። ንጹሑን ውሃ በባልዲ ይዛ ትወጣለች፣ ቆሻሻውን ይዛ ትወርዳለች። ቀኑን ሙሉ የቆመ ጉልበት ነው ይህን የሚወጣው።

በአሥረኛው ቀን ሰባተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ተንቋቋ። ባልዲውን አስቀምጣ እዚያው ተቀመጠች። ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሶባት ነበር። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣላት። "ይቺ ምስኪን ለብቻዋ ተቆልፎባት፣ ለብቻዋ ትበላለች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? እንግዳ ለብቻው ማብላት ነውር ነው። አሎሎም ብቻውን ነው። ቢገናኙ ምን አለበት? ኤሊ ከኤሊ።"

ሐሳቡ አሳርፏት ተነሣች። ከሱቋ ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ አወረደች፤ አንድ ጎኑን በቢላ ዝቅ አድርጋ ቆረጠች፣ ጡብ አስደግፋ መውጫ መውረጃ ሠራች፣ አራት ጣት ያህል ውሃ ሞላችበት። አሎሎ በሚኖርበት፣ በጣውላ በታጠረው ጥግ አስቀመጠችው። ከጎኑ አንድ ትሪ፦ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ከሎሚም ጣሳ አንድ ጭብጥ። ከዚያ ሎሚን አወረደቻት።

ወሬው ለጎረቤት ደረሰ። ከጎኗ ፔርሙስ የሚሸጠው ሽኩር ስልኩን ይዞ እየሳቀ መጣ።

"ጉድ በሉ! እትዬ ሐጀራ ኤሊ ዳሩ!"

"ዝም በል አንተ፣ እንግዳ ናት።"

"እንግዳማ ሦስት ቀን ካለፈው ሥራ ይታዘዛል፣ ባልዲ ትሽጥልዎታ!" ብሎ ቪዲዮ ያነሳ ጀመር።

ሎሚ በአሎሎ ጀርባ ላይ ወጥታ አንገቷን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ሰዉ ሁሉ "አዘላት! አዘላት!" አለ። አንዲት ደንበኛ "ከሰው ይሻላሉ" ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሐጀራም ደስ አላት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ያለ ድካም የተሳካላት መሰላት። ሎሚ ፀሐይ ፍለጋ መውጣቷን ያሰበ የለም። የዚያ ግቢ ዙሪያው የመጋዘን ግድግዳ ነው፣ ፀሐይ ከላይ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይወርድም።

ውሃውም እንዲሁ። አሎሎ በጡቡ ላይ ወጥቶ ሳፋው ውስጥ ይገባል፤ ይጠጣበታል፣ እዚያው ይጸዳዳበታል። ፎቅ ላይ እያለ ሐጀራ ቀን ቆጥራ የምትቀይረውን ውሃ፣ አሁን ከእጇ ሥር ሲሆን "ቆይ፣ ደንበኛ ላስተናግድ" ትላለች፤ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ያድራል። ቅርብ ያለ ነገር እንዲህ ነው፣ ይደርሳል ተብሎ ይዘገያል። አሎሎ የሎሚን ምግብ ይበላል፣ ሎሚ ጎመኑን ነክሳ ትተፋለች።

በለጥሻቸው በየቀኑ ከሰዓት ትደውላለች። "ሎሚዬስ?" "ደህና ናት። ጓደኛ አግኝታለች።" "ምን ጓደኛ?" "ስትመጪ ታዪዋለሽ።"

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ሐጀራ ትሪውን ልታነሳ ጎንበስ አለች። የሎሚ ሁለቱም ዓይኖች አብጠው ተጨፍነዋል። ጣቷን አስጠጋችላት፤ ሎሚ አንገቷን ወደዚህና ወደዚያ ነቀነቀች እንጂ አላየቻትም። አሎሎ ከጎኗ አፍንጫው ላይ አረፋ ነበረበት፤ ሲተነፍስ እንደ ተበሳ ጎማ ሲሲ ይላል።

ሱቁን ለሽኩር አስጠብቃ፣ ሎሚን በትንሽ ባልዲ ይዛ፣ በዚያ ጉልበት አብነት ድረስ በእግሯ ሄደች። አዩብ ዓሦቹን እያበላ ነበር። ባልዲው ውስጥ አይቶ ፊቱ ተቀየረ።

"እትዬ ሐጀራ፣ ከምን ጋር ነው ያኖሯት?"

"ከአሎሎ ጋር።"

"አሎሎ ማነው?"

"ኤሊዬ ነዋ።"

"የመሬቱ? ያ ትልቁ?" አዩብ ግንባሩን ያዘ። "በአንድ ውሃ?"

"ሁለቱም ኤሊ አይደሉ እንዴ?"

"ዶሮና ንስርም ላባ አላቸው፣ እትዬ። ይቺ ውሃ ውስጥ ነው ኑሮዋ፤ ዓሣና ትላትል ትበላለች። ያኛው የደረቅ አገር ነው፣ ሣር በል። እሷ ተሸክማው የምትኖረው ጀርም እሱን ይጥለዋል። እሱ ያቆሸሸው ውሃ ደግሞ የእሷን ዓይን ያጠፋዋል። ለእሱ የሚስማማው እርጥበት ለእሷ ድርቅ ነው። የእሷ ሙቀት የእሱ አይደለም። እንኳን የመሬትና የውሃው፣ ሁለት ዓይነት የውሃ ኤሊ እንኳ እኔ ቀላቅዬ አላኖርም።"

"ጀርባው ላይ ትተኛ ነበር" አለች ሐጀራ ቀስ ብላ።

"ሌላ ደረቅ ቦታ አጥታ ነዋ።"

ሐጀራ ዓሦቹ በሚዞሩበት መስታወት ፊት እንደቆመች ሁለቱ ድስቶች ነበሩ በሐሳቧ የመጡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያስተምራት፣ ለምትወዳት ጎረቤቷ ለብቻ ድስት ስትጥድ የኖረች ሴት ናት። አንድ ድስት ብትጥድ ፍቅሩ ይበልጣል ብላ አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ለሰው ያወቀችውን ለኤሊ እንዴት ረሳችው? መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ለራሷም ለመንገር ጊዜ ፈጀባት።

አዩብ የሚያውቃትን የእንስሳት ሐኪም በስልክ ጠየቀላት። "ነገ ጠብታ ታመጣለች። ለሁለቱም መድኃኒት ታዛለች። ለየብቻ ያድርጓቸው፣ ዛሬውኑ። ይድናሉ ብዬ ቃል ግን አልገባልዎትም።"

ሱቋ ስትመለስ ሽኩር ነገሩን ሰምቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑ በራ።

"እትዬ ሐጀራ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? አዩብ ዘንድ አምስት ስድስት ተመሳሳይ አይደል ያሉት? ይቀይሯታ! መርካቶ ተቀምጠው ኦርጅናል ፍለጋ ይሄዳሉ እንዴ?"

"አንተ ልጅ፣ አላህን ፍራ።"

"ለእትዬ በለጥሻቸው ብዬ ነው እኮ! ሆዳቸው የተቀደደ ሴት፣ ከሚያዝኑ…"

ሐጀራ ተቆጣችው። ቃሉ ግን ገብቶባት ቀረ። በማግስቱ ጠብታውን ልትቀበል አብነት ስትሄድ፣ እጇ ራሱን ችሎ ወደ ገንዳው ገባ። አንዷን አወጣች። መዳፍ የምታክል፣ አረንጓዴ፣ ቀይ መስመር ያላት፣ ሁለት ዓይኖቿ እንደ ጥቁር አዝሙድ የሚያበሩ። አዩብ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ስልኳ ያኔ ጮኸ።

"ሐጀራዬ! ስፌቴ ደርቋል። ጠጠሩን በብልቃጥ ሰጡኝ፣ ባቄላ ያክላል፣ ሳሳይሽ ትስቂያለሽ። በአሥር ቀን ውስጥ እመጣለሁ። ሎሚዬስ?"

"አለች።"

"ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

"ደህና ነኝ።"

"አሞሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፣ በለጥዬ።"

ስልኩ ተዘጋ። እጇ ላይ ያለችው ኤሊ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻት። ሐጀራ እንዲህ አሰበች፦ ይቺን ብሰጣት አታውቅብኝም ይሆናል። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ያንን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የማላውቀው ሰው ቤት የምገባ ይመስለኛል። መልሳ ውሃው ውስጥ ለቀቀቻት። ጠብታዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ብቻ ነው ልጆቼ፣ ብዙ የሚወራለት የለውም። ሎሚ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች፤ ሐጀራ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አሥራ ስምንቱን ደረጃ ትወጣለች። አንገቷን በሁለት ጣት ይዛ ጠብታውን ታደርግላታለች፣ ውሃውን ትለውጣለች፣ መጋረጃውን ትከፍታለች። አሎሎን ደረቅ ካርቶን ውስጥ ጆንያ አንጥፋ ቤቷ ውስጥ አስገባችው፤ መድኃኒቱን ትግተዋለች፣ ጎመኑን ከፊቱ ታኖርለታለች። ሁለቱንም ለማዳን ትሮጥ ነበር። ልቧ ግን ፎቅ ላይ ነበር፤ የሰው አደራ ነዋ። የራስ የሆነው ይጠብቃል ይባላል።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሎሚ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ግራው ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ቀኙ ግን ጣሳው ሲንኳኳ ዞሮ አየ። ከጣቷ አንዲት ትል ነጥቃ በላች። ሐጀራ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። የደረጃውን ብረት ይዛ፣ እያነከሰች፣ ለአሎሎ ልትነግረው ወረደች። ልትነግረው፣ አዎ፤ ከሙናዊር ወዲህ ወሬዋን የምትነግረው እሱን ነበር።

አሎሎ አንገቱን ከካርቶኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ነበር። የጠዋቱ ጎመን እንዳለ ነው። ሲሲ የሚለው ትንፋሹ የለም። መቼ እንደቆመ አላወቀችም። ጎመኑን ስታኖርለት አላየችውም ነበር፤ አኑራ ወደ ደረጃው ነው የሮጠችው።

ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ የሚቆፈር አፈር የለውም። ሽኩር በጆንያ ይዞት ኮልፌ ዘመዱ ግቢ ወስዶ ቀበረው። ሲመለስ እጁን እየታጠበ "ጥሩ ቦታ ነው፣ ሣር አለው" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ሐጀራም አላለቀሰችም፤ ደንበኛ ባልዲ ፈልጎ ቆሞ ነበር።

በለጥሻቸው ቅዳሜ መጣች። ቀጥናለች፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ነው የምትራመደው። ሻንጣዋን ባለታክሲው በር ላይ አኖረላት። ሐጀራ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ተሳሳሙ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

"በለጥዬ፣ ከመውጣትሽ በፊት የምነግርሽ አለኝ።"

በለጥሻቸው ፊቷን አየቻት። "ሞተች?"

"አልሞተችም። ግራ ዓይኗ ግን አያይም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ነገረቻት። ሳፋውን፣ ትሪውን፣ የአዩብን ቃል፣ ልትለውጣት እጇን ሰድዳ እንደነበር ሳይቀር። በለጥሻቸው የደረጃውን ብረት ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ለሰው ሁሉ 'ብቻዋን ሆና አሳዝናኝ ነው' እያልኩ ነበር" አለች ሐጀራ በመጨረሻ። "ውሸት ነው። ላንቺ አልዋሽም። ያዘንኩት ለጉልበቴ ነው። ደረጃው ከበደኝ። ደከመኝ፣ በለጥዬ።"

"ታዲያ ደከመኝ አትይኝም? ሰብለ ይዛት ትሄድ አልነበር?"

"አንቺ ሆድሽን ሊቀዱሽ እየሄድሽ፣ በምን አፌ?"

"በዚሁ 'ደህና ነኝ' በምትዪበት አፍሽ ነዋ!" ድምጿ ከፍ አለ፤ ስፌቷ አመማት መሰለኝ እጇን ሆዷ ላይ ጫነች። ትንፋሿን ሰብስባ ዙሪያዋን ቃኘች። ጣውላው ተነቃቅሎ ግድግዳው ሥር ተደግፏል። "አሎሎስ?"

ሐጀራ ወደ ጣውላው ዞረች። ያላለቀሰችው ሁሉ ያኔ መጣ። ጉልበቷ እንደዚያ ቀን እምቢ አላትና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

በለጥሻቸው ቶሎ መጎንበስ አትችልም። በአንድ እጅ ብረቱን፣ በሌላው ሆዷን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ቀስ በቀስ አጠገቧ ተቀመጠች። 

"ማን አፈር አለበሰው?"

"ሽኩር።"

"ያ ቀልደኛ?"

"አልቀለደም።"

በለጥሻቸው በነጠላዋ ጫፍ የሐጀራን ፊት ጠረገች። ከዚያ እንዲህ አለቻት፦ "ስሚ። ዛሬ ይቅር አልልሽም። ሎሚዬን ልያት፣ ልናደድ፣ ልተኛ። ነገ ከሱቅ መልስ ነይና ይቅር እልሻለሁ። ዛሬ እኔም ደክሞኛል።"

"እሺ" አለች ሐጀራ።

ሻንጣው በር ላይ እንዳለ ነበር። ሊያነሳው የተነሣ የለም፤ ሁለቱም እዚያው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቁጭ አሉ።

ይኸው ነው ልጆቼ። በሉ ተነሡ፣ ሥራችሁ አይበደል። ግን የማትወጡት ሸክም ትከሻችሁ ላይ ሲሆን፣ "ደህና ነኝ" ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ እባካችሁ፣ እነዚያን ደረጃው ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች አስታውሱልኝ።